የአባቶች መድኃኒትና የዘመኑ ሕክምና በጣና ዙሪያ



ዕድር የሚቋቋመው ለመቅበርና ለማስተዛዘን መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መቅበሩን ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ ዕድር ጎዶሎ ዕድር ነው። አባሉ በምን ምክንያት እንደሚሞት ማወቅ፣ መዳን የሚችለውም እንዲድን መምከር የዕድር ጉዳይ ነው እንላለን። ስለዚህም በዘንድሮው መጽሔታችን በየቤታችን ስለሚነሣ አንድ ክርክር ጥቂት ታሪክ ለመጻፍ አስበናል።

ክርክሩ ይህ ነው፦ ሰው ሲታመም ወደ ጠበል ይሂድ? ወደ ባህል መድኃኒት ዐዋቂ ይሂድ? ወይስ ወደ ሆስፒታል? ሽማግሌው «እኛ በኮሶና በዳማ ከሴ ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?» ይላል። ወጣቱ ደግሞ «ይኼ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ይመልሳል። ለእኛ ግን ሁለቱም ታሪኩን በግማሽ የሚያውቁት ይመስለናል። በዚህ በጣና ዙሪያ የኖሩ አባቶቻችን የአገሩንና የውጭውን ሕክምና ጎን ለጎን መያዝ ከጀመሩ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ሁለቱ በግልጽ በተገናኙበት ጊዜ ሰው ተጠቅሟል፤ አንዱ ከአንዱ በተደበቀበት ጊዜ ደግሞ ሰው ተጎድቷል። ይህንኑ በየዘመኑ እናሳያለን። ለንባብ እንዲመች ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ነገሥታቱ ምን አደረጉ?

ታላቁ አድያም ሰገድ ኢያሱ በጎንደር ነግሠው ሳለ የቆዳ ሕመም ያዛቸው፤ ከልጆቻቸውም አንዱ ታሞ ነበር። በዚያን ጊዜ በጎንደር መድኃኒት የሚቀምም ደብተራ አልጠፋም፤ ጠበሉም ጸሎቱም ነበረ። ንጉሡ ግን በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። ሐጂ ዓሊ የሚባል ሰው ወደ ግብፅ ሲወርድ ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣላቸው አዘዙት። እሱም ካይሮ ላይ ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አገኘና በሱዳን በኩል ይዞት መጣ። መንገዱ ቀላል አልነበረም። ከሐኪሙ ጋር የተነሣው ካህን ጎንደር ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተ። ፖንሴ በ1699 ጎንደር ገብቶ ንጉሡንና ልጃቸውን አከመ፤ እነሱም ዳኑ። ሐኪሙም በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ።

ልብ በሉ፤ ንጉሡ የፈረንጅ ሐኪም ስላስመጡ ከእምነታቸው አልወጡም። ከጣና ገዳማት ጋር የነበራቸው ቁርኝት እስከ መጨረሻው አልተቋረጠም። በ1706 በጣና ደሴት ላይ ሲገደሉም የተቀበሩት በዚሁ ሐይቅ ባለችው በምጽራሐ ደሴት ነው።

ከፖንሴ ወዲህ ሰባ ዓመት ቆይቶ በ1770 ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው መጣ። ዋና ዓላማው የዓባይን ምንጭ ማየት ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ሕክምናም ያውቅ ነበር። እሱ ሲደርስ ጎንደር ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት በቁስቋም ግቢ የታመሙትን ልጆች እንዲያይ ተጠራ። በዚያው ግቢ ከዋልድባ የመጡ መነኮሳት ለሕሙማኑ ይጸልዩ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ በሽተኛ፣ ሁለት ዓይነት ሐኪም! ዛሬ በየሰፈራችን የምናየው ነገር በዚያን ጊዜም በቤተ መንግሥት ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ታሪክ ግን ወዲህ ነው። ብሩስ ግሽ ዓባይን አይቶ፣ ብዙ ከርሞ፣ በ1772 ወደ አገሩ ሲመለስ በመተማ በኩል ባለው ቆላ ኃይለኛ ተቅማጥ ጣለው። ሌላውን ያከመው ሰው ራሱን ማዳን አቃተው። ታዲያ በምን ዳነ? የአገሩ ሰው በሚጠቀምበት በዋጊኖስ ሥር ዳነ። ብሩስም ተክሉን ከነሥዕሉ በመጽሐፉ ጻፈው። ዛሬ የዓለም የዕፀዋት ሊቃውንት ዋጊኖስን የሚጠሩት ብሩሲያ ብለው በዚሁ ሰው ስም ነው። የኛ ሰው ከፈረንጅ ሐኪም እንደ ተጠቀመ ሁሉ ፈረንጁም ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ ከሚያድነው የኛ ሰው ተጠቅሟል። ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

የኮሶ ነገር

ብሩስ ከጻፋቸው ተክሎች አንዱ ኮሶ ነው። ኮሶን ለኛ ሰው ማስረዳት ውኃን ለጣና ዓሣ ማስረዳት ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ የኮሶ ትል አይለቀውምና አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው እንግዳ ባይቀበል፣ ከሥራም ቢቀር ማንም አይቀየመውም ነበር። ከዚያም በ19ኛው መቶ ዓመት ኮሶ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በፈረንጅ መድኃኒት ቤቶችም ተሸጠ። ስለዚህ «የባህል መድኃኒት ውሸት ነው» የሚል ወጣት ኮሶን ይጠይቅ።

ሽማግሌውም በበኩሉ ይስማን። ኮሶ ትሉን ይገድላል፤ መጠኑ ካለፈ ግን ሰውየውንም ይጎዳል። ድሮ በእፍኝና በጣሳ ነበር የሚለካው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይበረታል፤ የዘንድሮውም ከዓምናው ይለያል። ከመጠን በላይ ጠጥተው የሞቱ ነበሩ። ኮሶ የዓይን ብርሃን የነሣቸው ሰዎች መኖራቸውንም በ1960ዎቹ በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች ጽፈዋል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጽንስ ያስወርዳል። ዛሬ ያንኑ ትል የሚያስወጣ፣ መጠኑ የታወቀ እንክብል በየጤና ጣቢያው አለ። አባቶቻችን ኮሶ የጠጡት እንክብሉ ስላልነበረ ነው እንጂ እንክብል ጠልተው አይደለም።

ፈንጣጣና ክትባት

ክትባት የፈረንጅ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። በአገራችን ግን ከታመመ ሰው ቁስል መግል እየወሰዱ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጎ ማስገባት የቆየ ልማድ ነበር። እንዲህ የተከተበ ሰው ቀለል ያለ ፈንጣጣ ይወጣበትና ሁለተኛ አይዘውም። አሳቡ ትክክል ነበር፤ የዘመኑ ሐኪሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ይመስላል። ችግሩ የሚገባው መግል እውነተኛው ፈንጣጣ መሆኑ ነው። አንዳንዱን ይገድላል፤ ከተከተበውም ሰው ወደ ጎረቤቱ ይጋባል።

የመንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር እኛ ልጆች ነበርን። ከታቢዎቹ ገደል እየወረዱ አቀበት እየወጡ በየገጠሩ ሲደርሱ፣ «የድሮው ይበቃናል» ብሎ የሸሸና ያባረረ ብዙ ነበር። የአገር ሽማግሌና ቄስ አብረው ቆመው ሲመክሩ ግን ሰው ክንዱን ሰጠ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው በ1976 ነው። ዓለምም በ1980 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። የክትባቱን አሳብ አባቶቻችን አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ከጉዳት የጸዳውን መድኃኒት ደግሞ አዲሱ ዕውቀት አመጣው። ሁለቱ ሲጋጠሙ በሽታው ጠፋ።

የደምቢያ ወባና የቻይና ቅጠል

በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው የደምቢያ ሜዳ ለም ነው፤ ወባውም የዚያኑ ያህል ክፉ ነበር። በ1953 በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ያን ጊዜ በገጠሩ የነበረው መድኃኒት ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ጸሎት ነበር፤ ሐኪም የሚባል አልነበረም። በዚህ እልቂት ምክንያት በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን እያሠለጠነ ወደየገጠሩ ላከ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱን የወለደው የጣና ዳር ሰው ሞት መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው።

ዛሬ ወባ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚሰጠው ኮአርተም ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከቻይና የባህል መድኃኒት ነው። ቱ ዮዮ የተባሉ ቻይናዊት ሊቅ በጥንት መጽሐፍ የተጻፈን የትኩሳት ቅጠል ይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር ደጋግመው መረመሩ። መጽሐፉ ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ ይል ነበርና፣ ማፍላቱ ኃይሉን እንደሚያጠፋው ገባቸው። በ1972 ወባን የሚገድለውን ነገር ለይተው አወጡት። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት። አገራችንም ከ2004 ጀምሮ በዚህ መድኃኒት ትጠቀማለች። ቅጠሉ የኛ የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው። ነገር ግን ዘመድ መሆኑ አንድ አያደርገውም፤ ጭቁኝ አፍልቶ መጠጣት ወባን አያድንምና ማንም በዚህ እንዳይታለል።

እንዶድና ዶክተር አክሊሉ

የቻይናው ዓይነት ታሪክ በኛም አገር ተሠርቷል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ አጠገብ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ አንድ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈዋል። ቢልሃርዝያ ደግሞ ወደ ሰው የሚመጣው በውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ዶክተሩ ከዚህ ተነሥተው እንዶድን በምርመራ ቤት ፈተኑ፤ ቀንድ አውጣ ገዳይነቱንም ለዓለም አስረዱ። በ1966 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ይህ ነገር ለኛ ለጣና ዳር ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። በሐይቁ ዳር፣ በዘጌም በደሴቶቹም ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ልጆቻችን ይዋኙበታል፤ ዓሣ አስጋሪውም ታንኳ ቀዛፊውም ቀኑን ሙሉ እግሩ ውኃ ውስጥ ነው። ለበሽታው መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው እንጂ እንዶድ መጠጣት አይደለም፤ እንዶድ ለሚጠጣው ሰው መርዝ ነው። እንዶድ ለቀንድ አውጣው፣ እንክብሉ ለሰው፣ እያንዳንዱ በቦታው ነው።

መንግሥትስ ምን አለ?

በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ የባህል ሕክምናን አልከለከለም፤ ጤና እስካልጎዳ ድረስ እንዲቀጥል ተወው። በ1978 በአልማ አታ የተደረገው የዓለም ጉባኤ አገሮች የባህል ሐኪሞቻቸውን ከጤና አገልግሎት ጋር እንዲያሠሩ ካሳሰበ በኋላ፣ በ1979 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የባህል ሕክምናን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲም ስለዚሁ አንሥቷል። በወረቀት ደረጃ እንግዲህ ጠብ የለም። ጠቡ ያለው በየቤታችንና በየምርመራ ክፍሉ ነው።

ጠበልና እንክብል

ከሁሉም የከበደው ፈተና የመጣው በኤድስ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ የዕድራችንን መዝገብ የጻፍን ሰዎች እናውቀዋለን፤ አንዱ ድንኳን ሳይነቀል ሌላው የሚተከልበት ጊዜ ነበር። በሽታው በስሙ አይጠራም፤ «ሳንባ ነው፣ ምች ነው» ይባል ነበር። ያን ጊዜ ሐኪሙም ቢሆን የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረውም። ሰውም ወደ ጠበል ጎረፈ። እንጦጦ ማርያም ላይ ከየአገሩ የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ሰፈሩ፤ በኛም አካባቢ በየጠበሉ እንዲሁ ነበር። ዘመድ ያገለለውን ሰው ጠበል ቤት አስጠጋው። ይህን ማመስገን ተገቢ ነው።

በ2005 መጀመሪያ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር አዲስ ችግር ተፈጠረ። «ጠበል የሚጠመቅ ሰው እንክብል ከዋጠ እምነቱ ጎድሏል» የሚል ነገር ተወራ። ብዙዎች መድኃኒቱን አቋርጠው ወደ ጠበል ሄዱ። ይህ መድኃኒት ደግሞ በየቀኑ ካልተወሰደ በሽታው ይለምደዋል። በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ምእመናን ሁለቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ያ ቃል ስንት ቤት እንዳዳነ መቁጠር አንችልም፤ ግን አይተናል።

ስም ሳንጠራ ሁለት አባሎቻችንን እናንሣ። አንዱ ከዚያ ቃል በፊት እንክብሉን ጥሎ ጠበል ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው ቀበርነው። ሌላዋ እንክብሉን በመቀነቷ ቋጥራ ጠበል ከረመች። ሰዓቱ ሲደርስ በጠበሉ ትውጠዋለች። ዛሬ ልጅ ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ የወር መዋጮዋን አንድ ቀን ሳታሳልፍ ትከፍላለች። ሁለቱም እኩል ያምኑ ነበር። ልዩነቱ እንክብሉ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የበሽተኛው ነው ማለት ግን አይደለም። አንዲት እናት በአንድ ጤና ጣቢያ ጠበል መክረሟን ብትናገር፣ በሰው ፊት «ታዲያ እዚያው አትሞቺም?» ተባለች። በሚቀጥለው ጊዜ ምንም አልነገረችም፤ የምትጠጣውንም ሥር ደበቀች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ደባቂው የሚበዛው ሰዳቢ ሲኖር መሆኑን የጤና ባለሙያዎቻችንም ይወቁልን።

ጠበልተኛውንም ቢሆን ንጽሕና ያስፈልገዋል። በ2023 በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ለተሰበሰበው ሕዝብ የሚበቃ መጸዳጃና ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ስላልነበረ ኮሌራ ገብቶ ሰው ጨርሷል። ለመዳን የሄደ ሰው በሌላ በሽታ ሲሞት ከማየት የከፋ የለም።

የወጌሻ ነገር

ወጌሻ ለገጠሩ ባለውለታ ነው። ነገር ግን የተሰበረውን በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ሲያስር ደም ይቆማል፤ ጣቱ ይጠቁራል፤ ሥጋው ይሞታል፤ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። በ2005 በታተመ አንድ የአገራችን ሐኪም ጥናት ላይ እንደተገለጸው፣ ወጌሾችን ሰብስቦ አንድ ቀን ብቻ ማስተማር የሚቆረጠውን እግርና እጅ ቁጥር ቀንሷል። ሐኪሙ ወጌሻውን አላባረረም፤ አስተማረው። ወጌሻውም አልናቀም፤ ተማረ። ከላይ ያወራነው ታሪክ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለፋሲሎ ነዋሪዎችና ለዕድራችን አባላት የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የጠጣነውን ሁሉ እንናገር። ሽፈራውም ይሁን ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳምም ይሁን የማይታወቅ ሥር፣ አንዳንዱ ከእንክብሉ ጋር አይስማማም። ነጭ ሽንኩርት አብዝቶ መብላት እንኳ ደም ያቀጥናልና ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ነፍሰ ጡር ደግሞ ከሁሉም ትጠንቀቅ።

2ኛ/ ጠበል ስንገባ እንክብላችንን ይዘን እንግባ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አይቋረጥም። ስኳር ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የንስሐ አባቱም እንደሚፈቅዱለት አንጠራጠርም። ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ዱዓውና ዘምዘሙ እንዲሁ ከመድኃኒቱ ጋር ነው።

3ኛ/ ቀን የማይሰጡ ነገሮች አሉ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት ይሩጥ፤ የውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሥርም ቅጠልም ሐኪምም አያድነውም። ምጥ የጠናባት፣ ትኩሳት ያነደደው ሕፃን፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

4ኛ/ ዕድራችን በዓመት አንድ ጊዜ የጤና ባለሙያ፣ የንስሐ አባት፣ ሸኽ፣ ወጌሻና የባህል መድኃኒት ዐዋቂ በአንድ ድንኳን ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ያዘጋጅ። ድንኳኑም ወንበሩም አለን። ለልቅሶ የምንተክለውን ድንኳን አንድ ቀን ለጤና ብንተክለው ምን ይጎድልብናል?

እነ አድያም ሰገድ ጠበላቸውንም ሐኪማቸውንም አልናቁም። እኛም የምንንቀው ምክንያት የለንም። የጠቅላላ ጉባኤው ቀን ይህ አሳብ በአጀንዳ እንዲያዝ ለሊቀ መንበሩ በጽሑፍ አቅርበናል፤ ሁላችሁም ተገኝታችሁ አሳባችሁን ስጡበት።

ፈጣሪ ለሁላችን ጤናና ዕድሜ ይስጠን።